ከንቱው ዋግምትና የሙሽራዋ ጥያቄ

የመጽሐፍ ሒስ

ጥር የሠርግ ወቅት ነውና ወደ ማሕፀን ሕክምና ክፍል የሚመጡት ጥያቄዎችም ይለወጣሉ። ባለፈው ጥር አንዲት የሃያ አራት ዓመት ወጣት ከእናቷ ጋር መጣች። የወር አበባዋ የተክሊል ሥርዓቷ ከሚፈጸምበት ቀን ጋር እንደሚገጥም አስልታ ደርሳበታለች፤ በዚያ ሁኔታ ቤተ ክርስቲያን መግባት ስለማትችል ለጥቂት ቀናት የሚያዘገይ መድኃኒት እንዳዝላት ጠየቀችኝ። ጥያቄው አዲስ አይደለም። ለሐጅ የሚዘጋጁ ሙስሊም እኅቶችም በካዕባ ዙሪያ የሚደረገው ጠዋፍ እንዳያመልጣቸው ይህንኑ ይጠይቃሉ። እርግዝና አለመኖሩን መርምሬ፣ በራሷም ሆነ በቤተሰቧ የደም መርጋት ሕመም ታሪክ አለመኖሩን አጣርቼ፣ ኖርኤቲስትሮን 5 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ደሙ ከሚጠበቅበት ዕለት ሦስት ቀን አስቀድማ እንድትጀምር ጻፍኩላት። ካቆመች ከሁለት ወይም ከሦስት ቀናት በኋላ ደሙ እንደሚመጣ፣ መድኃኒቱ በዚህ አወሳሰድ እርግዝናን ይከላከላል ተብሎ እንደማይታመንበትም ነገርኳት፤ ለሙሽራ ይህ ሁለተኛው ነገር ከመጀመሪያው አያንስም። ወረቀቱን ይዛ ከተነሣች በኋላ ግን መለስ ብላ፣ «ዶክተር፣ ማዘግየት ከተቻለ ለሁልጊዜው ማስቆምስ ለምን አይቻልም? ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። እናቷ ደነገጡ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ አንቺም ሴት ነሽ፤ ደሙ ታዲያ ወዴት ሊሄድ ነው?» አሉኝ።

ልጅቷ የጠየቀችው ስለ መቻሉ ነው፤ እናትየዋ የጠየቁት ስለ መዘዙ ነው። የልጅቷን ጥያቄ ርእሱ ያደረገ፣ በሙያችን ብዙ ያነጋገረ አንድ መጽሐፍ አለ። ብራዚላዊው የማሕፀን ሐኪም ኤልሲማር ኮቲኒዮ እ.ኤ.አ. በ1996 በፖርቱጋልኛ ሲያሳትሙት የወር አበባን «ሳንግሪያ ኢኑቲል» ብለው ሰይመውት ነበር። ቃሉ ተራ የደም መፍሰስን ብቻ አይደለም የሚያመለክተው፤ ሐኪም ለፈውስ ብሎ ከሕመምተኛው ደም የሚያወጣበትን የቀድሞ ሕክምና ጭምር ነው። በእኛ አገር አነጋገር «ከንቱው ዋግምት» ብንለው ከአሳቡ አንርቅም። አሜሪካዊው ሼልደን ሴጋል ወደ እንግሊዝኛ መልሰውትና አሻሽለውት በ1999 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ሲወጣ ርእሱ «የወር አበባ ጊዜው አልፎበታልን?» የሚል ሆነ። ሴጋል በ2009፣ ኮቲኒዮ በ2020 በኮቪድ-19 ምክንያት አርፈዋል። መጽሐፋቸው ግን ዛሬም ለእኛ አገር ሐኪም መነበብ የሚገባው ይመስለኛል፤ ትክክል ስለሆነበትም፣ ስለሳተበትም።

የመጽሐፉ መከራከሪያ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የወር አበባ በየወሩ መምጣቱ የተፈጥሮ ሕግ መስሎ የሚታየን በዘመናችን ስለለመድነው ነው። የቀድሞዋ ሴት ከልጅነቷ እስከምታርጥ ድረስ አብዛኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው በእርግዝናና በማጥባት ስለነበር ደም የምታየው አልፎ አልፎ ነበር። በየወሩ የሚፈሰው ደም ጥቅም የለውም፤ ለብዙዎችም የደም ማነስን፣ የኢንዶሜትሪዮሲስን ሕመም፣ ከወር አበባ በፊት የሚመጣውን የስሜት መናወጥ ያስከትላል። ስለዚህ በሆርሞን ማስቆም ከተቻለ ሴትዮዋ ምርጫው ሊሰጣት ይገባል። ደራሲዎቹ ይህን ሲያስረዱ ወደ ሂፖክራጥስና ወደ ጋሌን ይመለሳሉ። የጥንት ሐኪሞች ሴትን በየወሩ ራሷን የምታጠራ አድርገው ያዩአት ስለነበር፣ ለወንዱም ደም ማውጣትን እንደ መድኃኒት ቆጠሩት። ዋግምቱ ከሕክምና መጻሕፍት ከወጣ ቆይቷል፤ ወርኃዊው ደም ግን «ያነጻል» የሚለው እምነት አልወጣም፤ የደራሲዎቹ ሙግት ይህ ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ የተሻለው ክፍል ይህ የታሪክ ትንታኔ ነው። የእናትየዋም ጥያቄ ከጋሌን ብዙ አይርቅም፤ ያልወጣ ደም ውስጥ ተቋጥሮ በሽታ ይሆናል ከሚለው ፍርሃት የመነጨ ነው።

በሳይንሱ በኩል ጊዜው ለመጽሐፉ አድልቶለታል ማለት ይቻላል። የወሊድ መከላከያ ክኒንን ካበለጸጉት አንዱ የነበሩት ጆን ሮክና ባልደረቦቻቸው በየወሩ ዕረፍት ያስገቡት ማሕፀን ስለሚያስፈልገው አልነበረም። ደሙ በየወሩ ሲመጣ ሴቶች ተፈጥሯዊ መስሎ እንዲታያቸው፣ አለማርገዛቸውንም እንዲያረጋግጡ ነበር። በአገራችን በስፋት የሚታደሉት ፓኬቶች ውስጥ ያሉት ሰባቱ ቡናማ ክኒኖች ሆርሞን የሌለባቸው ብረት ናቸው፤ በእነዚያ ቀናት የሚታየውም ደም ሆርሞኑ በመቋረጡ የሚመጣ እንጂ እውነተኛ የወር አበባ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2003 ደምን በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚያመጣውን፣ በ2007 ደግሞ ዓመቱን በሙሉ ያለ ዕረፍት የሚወሰደውን ክኒን ፈቅዷል። የእንግሊዝ የሥነ ተዋልዶ ጤና ሐኪሞች ማኅበር በ2019 ባወጣው መመሪያ የሰባት ቀኑ ዕረፍት ለጤና የሚሰጠው ጥቅም እንደሌለ በግልጽ አስፍሯል። ስለዚህ ክኒን የሚስማማት ሴት ቡናማዎቹን ዘላ ቀጣዩን ፓኬት ብትጀምር ማሕፀኗ አይጎዳም። ይህን ለታካሚዎቻችን የምንነግር ስንቶቻችን ነን?

ችግሩ የሚጀምረው ከሽፋኑ ነው። የእንግሊዝኛው እትም ንዑስ ርእስ የሚናገረው የወር አበባን ማስቆም በደም ማነስ፣ በኢንዶሜትሪዮሲስና ከወር አበባ በፊት በሚመጣ ሕመም የሚሠቃዩ ሴቶችን እንዴት እንደሚረዳ ነው። ዋናው ርእስ ግን የሚጠይቀው ስለ ሴቶች ሁሉ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የመጽሐፉ ድክመት ሁሉ የተከማቸበት ቦታ ነው። ለታመመች ሴት መድኃኒት መስጠት የሐኪም ሥራ ነው፤ ያልታመመችውን ሴት አካል «ጊዜው ያለፈበት» ማለት ግን ሌላ ሥራ ነው። ደራሲዎቹ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሲሻገሩ ድልድዩን አያሳዩንም። ሁለቱም በሆርሞን የወሊድ መከላከያ ምርምር ዕድሜያቸውን የፈጁ መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። ኮቲኒዮ የሦስት ወሩ መርፌ እርግዝናን እንደሚከላከል ካስተዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው፤ ሴጋል ደግሞ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ኖርፕላንትን የፈለሰፉ ናቸው። ይህ አሳባቸውን ሐሰት አያደርገውም፤ መዶሻ የያዘ ሰው ግን የሚያየው ምስማር እንደሚበዛበት አንባቢ ማሰብ አለበት። ኮቲኒዮ በኋለኛው ዘመናቸው በአገራቸው በእጅጉ የታወቁት ከቆዳ ሥር በሚቀበሩ የሆርሞን ቅንጣቶች ሕክምና ነበር። የብራዚል ፌዴራል የሕክምና ምክር ቤት በ2023 ሆርሞንን ለውበት ሲባል ማዘዝን እስከመከልከል ደርሷል።

የ«ቀድሞዋ ሴት» መከራከሪያም ቀረብ ተብሎ ሲታይ የሚያሳምነውን ያህል ያሳስባል። አንትሮፖሎጂስቷ ቤቨርሊ ስትራስማን በማሊ በዶጎን ሴቶች ላይ ባደረገችው ረጅም ጥናት፣ ብዙ የሚወልዱና ለረጅም ጊዜ የሚያጠቡ ሴቶች በዕድሜያቸው የሚያዩት የወር አበባ 100 ገደማ ሲሆን የዘመናዊዋ ከተሜ ግን ወደ 400 እንደሚደርስ አሳይታለች። ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሶማሌ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው 7.2፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 1.8 ልጅ ነው። «ጥንታዊት» እና «ዘመናዊት» የተባሉት ሁለቱ ሴቶች በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት እንደ አያትና የልጅ ልጅ ይኖራሉ። ነገር ግን አያትየዋ ደም ሳታይ የቆየችባቸው ዓመታት የዕረፍት ዓመታት አልነበሩም። በእርግዝናና በወሊድ የተገኘን የደም መቅረት በሆርሞን ከሚገኘው ጋር አንድ አድርጎ ማየት ለክርክር ይመቻል እንጂ ለሕክምና አይበቃም። ስለ ደም ማነሱም ቢሆን፣ በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶቻችን 24 በመቶው ደም ያነሳቸው ሆነው ተገኝተዋል። ከምክንያቶቹ መካከል ምግቡ፣ ወባው፣ የአንጀት ትሉና ተደጋጋሚው ወሊድ ሳይነኩ ቀርተው የወር አበባን ብቻ መክሰስ የሰነፍ ዳኛ ፍርድ ነው።

ወደ ወጣቶቹ ልመለስ፤ መጽሐፉ ስለ እነርሱ የሚለው እጅግ ጥቂት ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በአሥር አገሮች አስጠንቶ ውጤቱ በ1983 በመጽሐፍ በወጣው ጥናት አብዛኞቹ ሴቶች የወር አበባን የሚያስቀር የወሊድ መከላከያ እንደማይፈልጉ ተናግረው ነበር። ኢትዮጵያ ከአሥሩ አንዷ አልነበረችም። ዛሬ በየምርመራ ክፍላችን የምንሰማው ግን ከዚያ የተለየ ነው፤ «ይቅርልኝ» የምትል ወጣት ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛች ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዷ ሕመሙ በወር ሁለት ቀን አልጋ ላይ ስለሚያውላት ነው፤ ይህች ታካሚ ናት፣ ሕክምናዋም ግልጽ ነው። ሌላዋ የሞዴስ ዋጋ ከኪሷ በላይ ስለሆነባት ነው። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ዝግጅት ላይ ያለችው ደግሞ መርፌውን የምትጠይቀው በአሠሪ ቤት ወይም በመንገድ ሊደርስባት የሚችለውን ስለምትፈራ ነው፤ እርሷ «ደሜ ይቁምልኝ» ስትል የምትናገረው ስለ ደም አይደለም። የብዙዎቹ መልስ ግን አንዲት አጭር ቃል ናት፦ «ይቀፈኛል።»

ይህችን ቃል እንደ ሕክምና ምክንያት ልንቀበላት አይገባም፤ በዚህች ሴት ላይ ልንቆጣም አይገባንም። መጸየፉን ከእኛው ነው የተማረችው። በትምህርት ቤት ውኃ የሌለው መጸዳጃ፣ ቀሚሷ ላይ ያዩትን ጠብታ የሳቁባት ልጆች፣ ስለ ጉዳዩ በሹክሹክታ ብቻ የሚያወራ ቤተሰብ አስተምሯታል። ቋንቋችን በአንድ በኩል «የወር አበባ» ብሎ የሚያምር ስም አወጣለት፤ በሌላ በኩል «አደፍ» አለው። የቤተ እስራኤል ሴቶች በኢትዮጵያ ሳሉ የሚለዩበት ጎጆ የመርገም ጎጆ ይባል ነበር። ስለ ሃይማኖት ሥርዓት መፍረድ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሙሽራዋም ሥርዓቷን አክብራ መድኃኒት መጠየቋን አከብርላታለሁ። ነገር ግን ሥርዓት ለአንድ ቀን የሚያዘው ሌላ ነው፤ አንዲት ልጅ በገዛ አካሏ ዕድሜ ልኳን ማፈሯ ሌላ ነው። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ አምርታ፣ ስለ ወር አበባ በአደባባይ በማስተማር በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ስትባል የታየው ኀፍረቱን ሳይሆን እጥረቱን መዋጋት ብቻ እንዳይበቃን ነው፤ ጨርቁን ከትምህርቱ ጋር ነው ያቀረበችው። ኮቲኒዮ ግን «ከንቱ» በሚለው ቃላቸው ኀፍረቱን የሳይንስ ካባ አለበሱት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መጽሐፉ ነገ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያቀርበው ነገር በአገራችን ዛሬ፣ ያውም ያለ ስም እየሆነ መገኘቱ ነው። በ2019 በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ካገቡት ሴቶች 41 በመቶው የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ሲሆን 27 በመቶው መርፌውን ነው የመረጡት። የሜድሮክሲፕሮጄስትሮን መርፌ የሚወስዱ ሴቶች ግማሽ ያህሉ በዓመቱ፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል በሁለት ዓመት ደም ማየት ያቆማሉ። እንግዲህ የወር አበባን በሆርሞን ማስቆም በእኛ ዘንድ የጥቂት ከተሜዎች ምኞት ሳይሆን ብዙ የገጠር ሴቶች የሚኖሩበት ሁኔታ ነው። ከእነርሱ ስንቶቹ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል? በተለማማጅ ሐኪምነቴ ዘመን በሠራሁበት ሥፍራ በክትትል ካርድ ላይ «የወር አበባ፦ የለም» ተብሎ ተጽፎ፣ ከሥሩ ቀጣዩ የመርፌ ቀን ብቻ የሰፈረበት ካርድ ብዙ አይቻለሁ። እኔም ራሴ እንዲያ ጽፌአለሁ። ሴትዮዋ አርግዣለሁ ብላ ትጨነቃለች፣ ወይም ደሙ ሆዷ ውስጥ ተከማችቶ መካን የሚያደርጋት ይመስላታል፤ በመጨረሻ ሳትነግረን መርፌውን ትተዋለች፤ ከዚያ ሳትፈልግ አርግዛ ትመጣለች። በእስራኤል ስለ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል ሴቶችና ስለዚሁ መርፌ የተነሣውን ውዝግብ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። በጥር 2013 የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ ሴቶቹ የመርፌውን ውጤት መረዳታቸው የሚያጠራጥር ከሆነ ሐኪሞች ማዘዣውን እንዳያድሱ መመሪያ ሰጥተዋል። የመንግሥት ተቆጣጣሪው በ2016 በግዳጅ መሰጠቱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ማስገደድ ባይኖርም፣ ሐኪሙ ነግሬአለሁ ባለውና ሴትዮዋ ሰማሁ ባለችው መካከል የነበረው ክፍተት በእኛው ጤና ጣቢያም አለ፤ እዚህ እንኳ ቋንቋው አንድ ሆኖ ሳለ።

ዛሬ ሳይነገር የማይታለፍም አለ። መርፌው የአጥንትን ጥንካሬ እንደሚቀንስ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ የወጣው በ2004 ነው፤ አጥንታቸው ገና በመገንባት ላይ ላሉ ወጣቶች ይህ ክብደት አለው። በ2024 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ መርፌውን ከአንድ ዓመት በላይ መውሰድ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልገው ሜኒንጂዮማ ከተባለው የአንጎል ሽፋን ዕጢ ጋር በ5.6 እጥፍ ከፍ ያለ ተያያዥነት እንዳለው አሳይቷል። ዕጢው ብርቅ ስለሆነ እጥፉ ትልቅ ቢመስልም የአንዷ ሴት አደጋ ትንሽ ነው፤ ያልታቀደ እርግዝና በአገራችን ከሚያስከትለው ጋር ሲመዘን መርፌውን የሚያስጥል አይደለም። ነገር ግን «ምንም ጉዳት የለውም» የሚለው የመጽሐፉ መንፈስ ለዛሬ ሐኪም አይሆንም።

ደግሞም «ጊዜው አልፎበታል» የሚለው አነጋገር ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ሆርሞን በማትወስደው ልጅ ላይ ነው። የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅና የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2006 የልጃገረዶች የወር አበባ እንደ ልብ ምትና እንደ ትኩሳት ሁሉ እንደ አንድ የጤና ምልክት እንዲታይ መክረዋል። ያለ መድኃኒት የቀረ ደም እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ የታይሮይድ ወይም የፕሮላክቲን መዛባት፣ በእንቁላል ማምረቻዎች ላይ የሚታይ ችግር፣ ከባድ የምግብ እጥረት፣ በእኛ አገር ደግሞ የማሕፀን ቲቢ ሊሆን ይችላል። ኤስትሮጅን ብቻውን ሲሠራ የማሕፀኑ ውስጠኛ ሽፋን ሳይረግፍ ይወፍራል፣ ውሎ አድሮም ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ሆርሞን የሚያስቀረውና በሽታ የሚያስቀረው ደም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መጽሐፉን ያነበበች ወጣት ይህን ልዩነት ይዛ ካልወጣች፣ «ቀረልኝ» ብላ ደስ ብሏት ዓመታት ታሳልፋለች።

ለእናትየዋ የመለስኩላቸው ወረቀት ላይ ማሕፀን ሥዬ ነው። ደሙ በርሜል ውስጥ እንዳለ ውኃ ተጠራቅሞ የሚጠብቅ አይደለም አልኳቸው። በየወሩ ማሕፀን ለእንግዳ እንደሚያነጥፍ ቤት ውስጡን ያለብሳል፤ እንግዳው ካልመጣ ያነጠፈውን ያነሣል፤ የሚፈሰውም እርሱ ነው። መድኃኒቱ ንጣፉን ከመነሻው እንዳይነጠፍ ወይም ስስ እንዲሆን ያደርጋል። ስላልተነጠፈ የሚነሣም የለም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ማመናቸውን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ከሠርጉ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሁለቱም ተመለሱ። ልጅቷ ለጊዜው መውለድ ስላልፈለገች ክኒን መጀመር ፈልጋለች። የደም ግፊቷን ለክቼ፣ የዓይን ብዥታ የሚቀድመው ራስ ምታት እንደሌለባት ጠይቄ፣ ሦስት ፓኬት ሰጠኋት፤ ቡናማዎቹን ዘላ መቀጠልም፣ በየወሩ ደም ማየትም እንደምትችል ነገርኳት። «እስኪ አንዱን ወር ልየውና» አለች። እናትየዋ ፓኬቱን አገላብጠው ቡናማዎቹ ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ፤ ብረት ናቸው፣ ለደም ይረዳሉ አልኳቸው። «እንግዲያስ አንቺ ካልዋጥሻቸው ለእኔ ስጪኝ» አሏት ልጃቸውን እየሳቁ። እኔም ስቄ ላልፍ ነበር። የዐይናቸውን ሽፋሽፍት ገልጬ ሳየው ግን ውስጡ ነጭ ነበር። አርባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደማቸው ሲመጣ አሥር ቀን እንደሚቆይ፣ ጨርቅ ደራርበው እንደሚያድሩ፣ «ማረጥ ሲቀርብ እንዲህ ነው» ተብለው ዝም እንዳሉ የዚያን ዕለት ነገሩኝ። ሔሞግሎቢናቸው 7.9 ሆኖ ተገኘ። የመጽሐፉ ንዑስ ርእስ የሚናገርላት ሴት በመጀመሪያው ቀንም አጠገቤ ተቀምጣ ኖሯል፤ እኔ የሰማሁት የልጅቷን ጥያቄ ነበር።

አልትራሳውንድ አዘዝኩላቸው፤ ከማሕፀኑ ሽፋንም ናሙና ተወስዶ ክፉ ነገር አለመኖሩ ታየ። ብረት ጀመሩ። ከዚያ ሌቮኖርጀስትሬል ስላለበት ሉፕ አወራን። ደሙን እንደሚቀንሰው፣ ምናልባትም ጨርሶ እንደሚያቆመው ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ልጃቸውን ተመለከቱ።

«ወዴት እንደሚሄድማ ነግረሽኛል» አሉኝ።